ፍሬን የሌለው ሳይክል ይዞ ከካራ መውረድ፦ ያገለገለ ትራክ ብስክሌት ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሳይክሉን የገዛሁት በመልኩ ነው። ቀጭን፣ ቀላል። ገመድ የለው፣ ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው። ሻጩ «የውድድር ነው» አለኝ። አልዋሸም። ግን ውድድሩ የሚካሄደው ቬሎድሮም በሚባል፣ ጠርዙ እንደ ሳህን ወደ ላይ በተቀለበሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ 250 ሜትር በሆነ ልሙጥ ሜዳ ላይ ነው። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነው። ሥራዬ መገናኛ አካባቢ። መሃል ላይ ኮብልስቶን፣ ጉብታ፣ ሚኒባስና የካራ ቁልቁለት አለ።

ለማያውቀው፦ ይህ ዓይነቱ የትራክ ሳይክል «ፊክስድ ጊር» ይባላል። ፔዳሉና የኋላ ጎማው የተቆላለፉ ናቸው። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል። እግር አሳርፎ ቁልቁለት መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ወደ ኋላ ከረገጣችሁት ፍጥነት ይቀንሳል። አሪፍነቱም መከራውም ከዚህ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«በእግሬ አቆመዋለሁ፣ ፍሬን ምን ያደርግልኛል?»

ይህ የመጀመሪያውና ትልቁ ነው። በእግር ስታቆሙ የሚይዘው የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ሳይክል ሲቆም ደግሞ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ ይንሸራተታል። በደንብ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍባችሁ እግራችሁ እስኪያስብ አይጠብቅም።

ብዙ የትራክ ብስክሌቶች ግን የፊት ሹካቸው ላይ የፍሬን ቀዳዳ የላቸውም። እዚህ ላይ ፈተና ይመጣል። ሰፈር ውስጥ ያለ በያጅ ሁሉ «አምጣው፣ በስቼ እሰጥሃለሁ» ይላል። አታስበሱት። ሹካው ለቀዳዳ ታስቦ ካልተሠራ ይዳከማል፤ ካርቦን ከሆነማ ነገሩ አለቀ። ቀዳዳ ያለው ሌላ ሹካ ፈልጉ። ስትፈልጉ ሁለት ነገር ለኩ፦ የመሪው ቱቦ ውፍረት (የድሮዎቹ ብረቶች ብዙውን ጊዜ 1 ኢንች ናቸው) እና ርዝመቱ። ቱቦው ጥምዝ (የብሎን ክር) ያለው ነው ወይስ የሌለው የሚለውንም እዩ። እኔ ሳልለካ ገዝቼ መልሼ ሸጫለሁ።

የኋላ ፍሬንስ? ሜዳ ላይ የምትኖሩ ከሆነ እግራችሁ ይበቃል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የምትወርዱ ከሆነ ግን ሁለቱንም ግጠሙ።

ሻጩ የገጠመውን የሰንሰለት ጥርስ እንዳለ መተው

የእኔ ሲመጣ ከፊት 48፣ ከኋላ 16 ጥርስ ነበረው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው በትክክል 3 ጊዜ ይዞራል፤ 6 ሜትር ከ30 ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ለቬሎድሮም ይሄ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ዳገቱ ብዙ ነው። ማታ ስመለስ ከኮተቤ ወደ ካራ ሳይክሉን እየገፋሁ ነበር የምወጣው። ሕፃናት ደግሞ «ነዳጅ አለቀብህ?» ይሉኛል።

ከፊት 42፣ ከኋላ 17 አደረግኩት። አሁን በአንድ ዙር 5 ሜትር ከ20 ገደማ ይሄዳል። ዳገቱ ላይ ቆሜ እረግጣለሁ፣ ግን አልወርድም። ዋጋው ቁልቁለት ላይ ይከፈላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ እግራችሁ በደቂቃ 96 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 45 ስትደርሱ ወደ 145 ይጠጋል። ይሄ የስፌት መኪና ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀድሞ መያዝ እንጂ እግር እስኪያብድ መጠበቅ አይደለም። ለባሰ ዳገት ከኋላ 18 ወይም 19 አድርጉ።

ስለ 48 እና 16 አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሮቹ እኩል ስለሚካፈሉ ሁሌ በአንድ እግር የኋላ ጎማውን እየቆለፋችሁ የምታንሸራትቱ ከሆነ መሬት የሚነካው ያው አንድ የጎማ ቦታ ነው። የእኔ ጎማ ሌላው ጋ አዲስ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጣ። ጎማ ሻጩን ስንት ቀን እንደጠረጠርኩት! 42 እና 17 ሲሆኑ ግን የሚካፈሉበት የጋራ ቁጥር የለም፤ መበላቱ በ17 ቦታ ይከፋፈላል።

የኋላውን ጥርስ እንደ ተራ ሳይክል ማሰር

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

የትራክ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ሁለት ደረጃ ጥምዝ አለው። ሰፊው ላይ ጥርሱ ይታሰራል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጠባቡ ላይ መቆለፊያ ቀለበቱ ይገባል። የቀለበቱ ጥምዝ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ኋላ ስትረግጡ ጥርሱ ሊፈታ ይፈልጋል፤ ሲፈታ ቀለበቱን ይገፋል፤ ቀለበቱ ግን በዚያ አቅጣጫ ስለሚጠብቅ አያሳልፈውም።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሳይክሉን ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። እሱም አላወቀም። እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ እየታገለ ጥምዙን ግማሹን በላው። «አሁን ጥብቅ ብሏል» አለኝ፤ አመንኩት። በሳምንቱ ከካራ ስወርድ ወደ ኋላ ረገጥኩ። እግሬ ባዶ ዞረ። ሳይክሉ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ደግነቱ የፊት ፍሬኑን አስገጥሜ ነበር። አንድ የበግ መንጋ አጠገብ ቆምኩ፤ እረኛው አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ምንም አልተባባልንም።

ስለዚህ ስትገዙ ጎማውን አስፈትታችሁ ሞዞውን እዩ። ጥምዙ አንድ ደረጃ ብቻ ከሆነ የተሠራው ለነፃ ዘዋሪ ጥርስ (እግር ቢቆምም ጎማው እንዲዞር ለሚፈቅደው) ነው። ፊክስድ አታድርጉበት፤ ማጣበቂያ አያድነውም። ሁለት ደረጃ ካለው ግራሶ ቀቡና ጥርሱን በደንብ አጥብቁ። አንድ ዳገት ቆማችሁ እየረገጣችሁ ውጡ። ከዚያ ቀለበቱን እንደገና አጥብቁ። ዳገቱ ጥርሱን ከእጃችሁ በላይ ያጠብቀዋል።

ሰንሰለቱን እንደ ክራር ክር መወጠር

በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታዎቹን ይበላል፤ ከላላ ይወልቃል። ተራ ሳይክል ላይ ሰንሰለት ሲወልቅ እጅ ይቆሽሻል። እዚህ ላይ ግን ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። መሃሉ ላይ በጣት ስትጫኑት ወደ ላይና ወደ ታች ተደምሮ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተጫወተ ጥሩ ነው። ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ አዙራችሁ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ ለኩ። የ15 ቁልፍ ከቦርሳችሁ አይለይ፤ ዳዶው ሲላላ ጎማው ወደ ፊት ይሳባልና።

የውድድሩን ጎማ ይዞ ኮብልስቶን ላይ መውጣት

23 ሚሊ ሜትር ጎማ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። 25 ወይም 28 ግጠሙ፤ ፍሬሙ ካስገባ ማለት ነው። የትራክ ፍሬም ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። በክረምት ዋልካ ጭቃ ያችን ክፍተት ሞልቶ ጎማውን ያስቆመዋል። ፓራፋንጎም ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ጀርባችሁ ላይ የጭቃ መስመር ይዛችሁ ቢሮ መግባት ነው።

ሌላው ንፋስ ነው። የእነዚህ ጎማዎች ቫልቭ ቀጭን ነው። የጎሚስታው ማሽን የተሠራው ለመኪናው ሰፊ ቫልቭ ነው። ቀጭኑን ወደ ሰፊው የምታደርግ ትንሽ ነሐስ ማገናኛ አለች። ሁለት ግዙ። አንዷ ትጠፋለች።

እግር፣ ልብስና ጣት

እግርን ፔዳል ላይ የሚይዝ ማሰሪያ ግድ ነው። ያለሱ ወደ ኋላ በደንብ መርገጥ ይከብዳል፤ እግር ካመለጠ ደግሞ የሚሽከረከረውን ፔዳል መልሶ መያዝ ሌላ ጣጣ ነው። ስትታጠፉ ብዙ አትጋደሙ፤ ፔዳሉ መዞሩን ስለማያቆም መሬት ይነካል። የጫማ ክር አስገቡ፣ ሱሪ እጠፉ። ነጠላ ለብሶ ፊክስድ መንዳት አይታሰብም።

ሰንሰለቱን ስታጸዱ ጎማውን እያሽከረከራችሁ በጨርቅ አትያዙት። ጨርቁ ከተያዘ ጣትን ይዞ ነው ጥርሱ ውስጥ የሚገባው፤ ጎማው ደግሞ ለጣት ብሎ አይቆምም። ጎማው ቆሞ፣ በቁራጭ በቁራጭ ጥረጉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ሳይክሉን ገልብጣችሁ ኮሪደር ላይ አትተዉት። ልጆች ፔዳል ማሽከርከር ይወዳሉ።

ክረምቱንም በዚሁ እነዳለሁ ማለት

ጥምዙ ከተበላ በኋላ ሌላ የኋላ ጎማ ገዛሁ፤ በአንድ ወገኑ ፊክስድ፣ በሌላው ነፃ ዘዋሪ ጥርስ ያለው። ዘዴው የቆየ ነው። ቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያ የፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ወርደው ጎማውን ፈትተው ይገለብጡት ነበር። እኔ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ እገለብጠዋለሁ። ነፃው ወገን ላይ እግር ስለማያቆም የኋላ ፍሬን የግድ ይገጠማል። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ፈትቼ መልሼ ወደ ፊክስዱ አዞራለሁ፤ የመጀመሪያውን ቀን ሁሌም እረሳውና እግሬን ላሳርፍ ስል ፔዳሉ ከኮርቻው ያነሳኛል።