ትንንሽ የአኳሪየም ተክሎች እንዳይንሳፈፉ አድርጎ መትከል

ማታ ተክዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ጠበቀኝ። ዓሣዎቹን ስረግም ሰነበትኩ እንጂ ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ሁሉንም እንደ ጎመን ችግኝ ነበር የቀበርኩት።

መጀመሪያ አሸዋው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቦርከና ቅርባችሁ ነው፤ ብቻ ከፋብሪካ ፍሳሽ መውረጃ በታች እንዳትወስዱ። አቸቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፣ እየሟሟ ውሃውን ኖራማ ያደርገዋልና ተዉት። ደህና ከሆነ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እንደ ሩዝ ደጋግማችሁ እጠቡ። ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሥር አይዝም።

ውሃውን ገና አትሙሉ። አሸዋውን ትንሽ አልፎ ከሸፈነ ይበቃል።

አሁን ወረንጦ ያዙ። የቅንድቡ ታጥራለች፣ ረጅም ፈልጉ። ግንዳም ተክል ከሆነ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱና አንድ አንዱን ለየብቻ ትከሉ። በእርሳስ ብረት ታስሮ ከመጣ ፍቱት፤ እስር ውስጥ ያለው ግንድ ይበሰብሳል። የግንዱን ጫፍ በወረንጦው ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን በሰያፍ ክተቱት። አሸዋው ላዩ ላይ ይተኛበታል፣ ያኔ አይነሳም። ዋናው ብልሃት አወጣጡ ላይ ነው። ወረንጦውን ፈታ አድርጉት፣ ግራ ቀኝ ወዝወዝ እያደረጋችሁ በዝግታ ሳቡት። ቸኩላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ካወጣችሁት ተክሉም ተከትሎ ይወጣል። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

እንደ ቫሊስኔሪያና ክሪፕቶኮሪን ያሉት ሥራቸው ይቀበር፣ ቅጠሉ የሚነሳበት አንገት ግን ከአሸዋው በላይ ይቅር። ክሪፕቶኮሪን ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉ ይሟሟል። ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት፣ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል።

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ሌላ ናቸው። ዝንጅብል የሚመስል ወፍራም ግንድ አላቸው፤ እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ስለዚህ ድንጋይ ላይ እሰሯቸው። እኔ እናቴ የፈተለችውን ፈትል ነው የተጠቀምኩት። ጥጥ ስለሆነ ቀስ በቀስ በራሱ ይበጠሳል፣ እስከዚያ ሥሩ ድንጋዩን ይጨብጣል። ማሰር የሰለቸው ሱፐር ግሉ ይጠቀም፣ ወፈር ያለውን ዓይነት። ድንጋዩንም ግንዱንም በሶፍት አድርቁ፣ ጠብታ አኑሩ፣ ጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ውሃ ሲነካው ነጭ ይሆናል፤ አያስደንግጣችሁ፣ ዓሣ አይጎዳም። የጃቫ ሞስም አስተሳሰሩ ያው ነው፣ ብቻ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት።

ሲያልቅ አሸዋው ላይ ፌስታል አንጥፉና ውሃውን ቀስ ብላችሁ እሱ ላይ አፍስሱ። ደሴ ከጥቅምት ወዲህ የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ በባልዲ ቤት ውስጥ አሳድሩት። የቧንቧው ክሎሪንም ካለ ይቀንሳል።

ወርቅማ ዓሣ ያላችሁ፣ አሸዋ መቆፈር ሥራው ነው። በየሥሩ ዙሪያ ጠጠር ደርድሩ፣ ወይም አኑቢያሳችሁን ድንጋይ ላይ አስራችሁ ተገላገሉ።