ዞማ ሙዚየም ስትሄዱ ከግድግዳው ጀምሩ

መጀመሪያ ቀን ዞማ ስገባ ጥበቃውን «ሙዚየሙ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ ብሎ «ውስጡ ገብተሽ እኮ ነው እህቴ» አለኝ። አፈርኩ። እናንተ እንዳታፍሩ ልንገራችሁ።

ዞማ ያለው አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ከጀሞ ሩቅ አይደለም። ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው። የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። መንገድ ላይ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

ስትገቡ ወደ ጋለሪው አትሩጡ። ግድግዳው ጋ አንድ ክንድ ያህል ቅረቡና ጭዱን ፈልጉ። እጃችሁን ግን ሰብስቡ። ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት ስታስመርግ ጭቃ ረጋጯ እኔ ነበርኩ። አፈሩ ላይ ጭድ ይነሰነሳል፣ ውኃ ይጨመራል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት እንደ ሊጥ ይቦካል። ሽታውን ተዉት! ግን በደንብ ያልቦካ ጭቃ አይያያዝም፤ ጭድ ያነሰው ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የዞማም ቤቶች ጭቃና ጭድ ናቸው። እኛ ግድግዳው እንዲለሰልስ ስንታገል፣ እነሱ ጭቃውን እንደ ጥልፍ ጠልፈውታል። ጥለቱን ከጎን እዩት። ጠዋት ወይም ወደ አመሻሹ ብትሄዱ ይሻላል፤ ፀሐይ ዘመም ስትል ጥላው መስመሩን ያወጣዋል። እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል።

አሁን ጋለሪ ግቡ። የኤልያስ ሥራ ከገጠማችሁ መጀመሪያ ራቅ በሉ። ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ወይም እርሻ ይመስላችኋል። ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ለካ የኮምፒውተር ማዘርቦርድና የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው! ከመርካቶ እየለቀመ ነው የሚሠራው። ቀደም ሲል ደግሞ ክርና የልብስ ቁልፍ እየሰፋ ይሠራ ነበር። እኔ በበኩሌ የክሩን እመርጣለሁ፤ የመርፌው ትዕግሥት ይታየኛል።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ላሞቹና የአትክልት ቦታው ይቅደሙ። አለዚያ ጋለሪ ውስጥ ዕረፍት የላችሁም።

ባለፈው እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሁሉን ጨርሰን ስንወጣ ተመልሳ ግድግዳው ጋ ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄን የረገጠው ልጅ» አለች፣ «ሲያለቅስ ነው የዋለው።»