«ጆይስቲኩ ነው» ለሚል ተጫዋች ቪዲዮ እንዴት እንደሚታይ

ፕሌይስቴሽን ቤት ተሸንፎ «ጆይስቲኩ ነው» ያላለ ሰው አላውቅም። እኔም ብያለሁ።

ጀሞ ውስጥ አንድ ቤት አለ። እዚያ ለሰፈር ውድድር የሚዘጋጁ አራት ልጆችን ፊፋ (የእግር ኳሱን ጌም) ማሰልጠን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የጌሙ ስም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ «ኤፍሲ» ሆኗል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት፣ እኔም እንደነሱ ነኝ። በዚህ ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ተጫዋች ለምን እንደተሸነፈ ራሱ አለማወቁ ነው። ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ሲጫወት ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው። ያላየውን ነገር ከየት አምጥቶ ይንገራችሁ?

ስለዚህ እንቀዳለን።

ፒኤስ 4 ላይ የሼርን ቁልፍ አንዴ ተጭናችሁ፣ በሚመጣው ገጽ ላይ ካሬዋን ስትነኩ እስከዚያች ሰዓት የተጫወታችሁትን ያስቀምጣል። ችግሩ፣ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት ወደ ኋላ የሚይዘው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ የምንጫወተው አንዱን አጋማሽ 6 ደቂቃ አድርገን ነው። ሁለቱ 12 ደቂቃ ይሆናል። የባከነ ሰዓት፣ ተጫዋች ለመቀየር የሚቆምበት፣ ጎል ገብቶ የሚጨፈርበት ሲጨመር 15ቱን ያልፋል። የሚቆረጠው ደግሞ መጀመሪያው ነው። እኔ የሦስት ጨዋታ የመጀመሪያ ጎል ከጠፋብኝ በኋላ ነው የነቃሁት። ርዝመቱን 30 ደቂቃ አድርጉት፤ እስከ 60 ይሄዳል። ጨዋታው እንዳለቀ ማንም ጆይስቲክ ሳይነካ አስቀምጡ። መብራት ከሄደ ያልተቀመጠው ሄደ ማለት ነው፤ ይሄንን ለሰፈሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዚያ በፍላሽ ወደ ላፕቶፕ ነው። ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ይበቃል። ሺፍትን ይዛችሁ የግራ ቀስቱን ስትጫኑ 3 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ኦልትን ከያዛችሁ 10 ሰከንድ። «ኢ» የምትለዋ ፊደል ደግሞ ምስሉን አንድ በአንድ ታስኬዳለች። ሌላ ፕሮግራም አልገዛሁም፣ አላስፈለገኝምም።

አንድ ነገር ግን ስክሪኑ አያሳይም፤ ጣትን። ለዚህ ሁለት የለስላሳ ሳጥን አነባብሬ ስልኬን አስደግፍና የልጁን እጅ እቀርጻለሁ። ፊቱን አይደለም፣ እጁን ብቻ። ሁለቱን ቪዲዮ ለማገናኘት ብዙ ተቸግሬ ነበር። መላው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ስልኩ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይሰማል። ጨዋታው ሲጀመር ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ሁለቱንም ፊሽካው ላይ አቁማችሁ እኩል ማስነሳት ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ግን የልጁን የቁልፍ አቀማመጥ ጠይቁት። ከፔስ፣ ከሌላው የእግር ኳስ ጌም፣ የመጡ ልጆች «ኦልተርኔት» ላይ ነው የሚጫወቱት፤ የሹቱና የክሮሱ ቁልፍ ይገለበጣል። እኔ ይሄንን ሳላውቅ አንዱን ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባላጠፋው ጥፋት ነዘነዝኩት።

መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። አንድ ጊዜ ሳታቆሙ፣ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ደብተር የሚያዘው። ዋናው ሥራ ያለው ግን ጎሉ ላይ አይደለም። ከጎሉ በፊት ያለችው አስር ሰከንድ ላይ ነው። 90 ደቂቃው በ12 ደቂቃ ስለሚያልቅ የጌሙ 1 ደቂቃ በእኛ ሰዓት 8 ሰከንድ ነው። በ63ኛው ደቂቃ የገባ ጎል ከመጀመሪያው ፊሽካ 8 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገደማ በኋላ ይገኛል፤ የእረፍቱንና ጨዋታው የቆመበትን ጨምሩበት። እዚያ ድረሱና አስር ሰከንድ ወደ ኋላ ተመለሱ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከአራቱ ዝምተኛው ልጅ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ሦስተኛውን ጎል ሁላችንም አይተናል፤ በረኛው ወጣ፣ አጥቂው አለፈው፣ አገባ። ልጁ «በረኛው ቀለደብኝ» አለ። ቤቱ ሙሉ ተስማማ። እኔም ተስማማሁ።

ቪዲዮውን ሳየው ሌላ ታሪክ ነው። ጎሉ ከመግባቱ ዘጠኝ ሰከንድ በፊት ተጋጣሚው ኳሷን በክንፍ፣ መስመሩ ጥግ ይዟታል። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። የእኛ ልጅ በግራ ተመላላሹ እየጠበቀው ነው። ተጋጣሚው ኳሷን ወደ ኋላ ለአማካዩ ሰጠ። እዚህ ጋ የልጁ ምልክት (የያዘውን ተጫዋች የምታሳየው) ከተመላላሹ ራስ ላይ ተነስታ መሀል ተከላካዩ ላይ አረፈች። (አንድ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወቱ የሁለቱም ምልክት ስለሚታይ ይሄ የኛ ዓይነቱ ቤት ጥቅም ነው።) መሀል ተከላካዩ እንደ እብድ ወደ ኳሷ ሮጠ። የሮጠበት ቦታ ባዶ ቀረ። አንድ ፓስ ወደ ባዶው፣ ተበላ። በረኛው ምን ያድርግ?

ለምን መሀል ተከላካዩን ያዘ? ጨዋታው ላይ መልሱ የለም። እጁ ላይ አለ። የስልኩን ቪዲዮ ስናየው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተጫዋች መቀየሪያዋን፣ ኤል 1ን፣ ሦስት ጊዜ ተጭኗል። የመጀመሪያው መጫን የሚፈልገውን አማካይ ሰጥቶት ነበር። ደንግጦ አለፈው። በሦስተኛው መሀል ተከላካዩ ላይ ደረሰ፤ የመሮጫው ቁልፍ አር 2 ደግሞ ከመጀመሪያውም እንደተጫነ ነው። ጥፋቱ እንግዲህ የመከላከል እውቀት ማነስ አይደለም። የጣት ድንጋጤ ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው፦ በቀኝ አናሎጉ (በአውራ ጣት በሚገፋው ዱላ) አቅጣጫ ሰጥቶ የሚፈልገውን ሰው መምረጥ።

አሁን ልጁን የምታስቀምጡበት ሰዓት ነው። በተሸነፈበት ማታ አይሆንም፤ በማግስቱ ይሁን። እኔ መጀመሪያ አካባቢ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙ። አንዱን ልጅ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ ሰው በተሰበሰበበት የተበላበትን አሳየሁት። ሙድ ያዙበት። «አንዴ ድገመው» እያሉ አስደገሙኝ፣ እኔም ጅሉ ደገምኩላቸው። ልጁ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ይዘን ከቤቱ ጀርባ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ሦስት ቅንጭብ ብቻ፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ። አራተኛውን ብታሳዩት የመጀመሪያውን ይረሳዋል።

አትንገሩት፣ ጠይቁት። ይሄ ሲባል ቀላል ይመስላል። ጥፋቱን እያያችሁ ዝም ማለት ግን ምራቅ እንደመዋጥ አይደለም፤ እኔ አፌን በእጄ እስከመያዝ ደርሻለሁ። ቪዲዮውን ከውሳኔው በፊት አቁሙት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ፦ «ኳሷን አሁን ለማን የሚሰጥ ይመስልሃል?» እና «አንተ ማንን ይዘህ ነው ያለኸው?»

ሦስተኛው ጥያቄ በቆርኪ ነው። አራት ቆርኪ አለኝ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞርና «አራቱን ተከላካዮችህን ጠረጴዛው ላይ እንደነበሩበት አስቀምጥልኝ» እለዋለሁ። ሁሉም በቀጥታ መስመር ይደረድሯቸዋል። አራቱም ልጆች፣ ሁሌም። ከዚያ ላፕቶፑን እመልስና ቆርኪውንና ስክሪኑን ያስተያያሉ። ዝምተኛው ልጅ ያን ቀን አንዷን ቆርኪ አንስቶ፣ መሀል ሜዳ ድረስ ገፍቶ አስቀመጣትና «ኮች፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ። ከዚያ በላይ ምን ልጨምር።

ደብተሩ ላይ የምጽፈው አራት ነገር ነው፦ ደቂቃው፣ ኳስ የጠፋበት ቦታ፣ የተጫነው ቁልፍ፣ ልጁ ያለው ቃል። የመጨረሻውን እንዳለ ጻፉት። በአምስት ጨዋታ ውስጥ «መጣብኝ» የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ ያለ ልጅ አለኝ። ቃሉ ራሱ ነገረኝ። ተጋጣሚው ወደሱ ሲሮጥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይችልም፤ ኤል 2ን ይዞ ፊት ለፊት እየጠበቀ መሸሽ ሲገባው ቸኩሎ ክቧን፣ የመንጠቂያዋን ቁልፍ፣ ይጫናል።

ከዚያ ልምምድ። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ። ለምሳሌ ሙሉ ጨዋታ ያለ አር 1፤ ሁለተኛ ሰው ጠርቶ ማስጨነቅ የለም፣ ራስህ ተከላከል። ወይም ደግሞ ኳሷ ሳጥኑ ውስጥ እስካልገባች መሀል ተከላካይ አይነካም። ልጆቹ መጀመሪያ ይበላሉ፤ አምስት፣ ስድስት ጎል። እኛ ሰፈር ደግሞ የተሸነፈ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ልምምዱን ማንም ከልቡ አይሞክረውም ነበር፤ ሂሳቡ ሲያስፈራቸው አር 1ን በስርቆት ይጫኗታል። አሁን የልምምድ ጨዋታ ሂሳብ በእኔ ነው። ስልጠናው ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያሸነፉበትንም እዩ። 4 ለ 3 ያሸነፈ ልጅ ሦስቱን ማየት አይፈልግም፤ ግድ በሉት። የተጋጣሚንም ቅረጹ፣ ከፈቀደ። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ጎል ከገባበት በኋላ ኳስ ሲያስጀምር ምን እንደሚያደርግና ፍጹም ቅጣት ምት ወዴት እንደሚመታ። ሰው ሲጨንቀው ወደለመደው ነው የሚሄደው።

ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት የአብዶ ቅንብር ነው። እኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2019ኙን የፊፋ ኢ-ወርልድ ካፕ ፍጻሜ አሳይቻቸዋለሁ። ለንደን ላይ ጀርመናዊው መሐመድ ሀርኩስ የ2018ቱን ሻምፒዮን፣ ሳዑዲያዊውን ሞሳድ አልዶሳሪን በድምሩ 3 ለ 2 ያሸነፈበት ነው። ኳሷን ሳይሆን ተከላካዩ ራስ ላይ ያለችውን ምልክት ብቻ ተከታተሉ አልኳቸው። ሁለት ጨዋታ ነበር፤ አንዱ በኤክስቦክስ፣ አንዱ በፕሌይስቴሽን። ሁለቱም አንዱን ጨዋታ በለመዱት ጆይስቲክ አልተጫወቱም ማለት ነው። ይሄንን የነገርኳቸው ሆን ብዬ ነው።

ግን ጉድ ሆንኩ። ባለፈው ወር ግራኙ ልጅ ተሸንፎ ያንኑ «ጆይስቲኩ ነው» አለኝ። «እስቲ እናያለን» ብዬ የእጁን ቪዲዮ ከፈትኩ። አውራ ጣቱ ከአናሎጉ ላይ ተነስቷል፣ አየር ላይ ነው። ተጫዋቹ ግን ዝም ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አየሁት። አናሎጉ እውነትም ተበልቶ ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ባለቤቱም ጆይስቲኩን ቀየረ።

በሚቀጥለው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸነፈና «ቴሌቪዥኑ ይዘገያል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ቀረጻው ከማሽኑ ስለሚወጣ የቴሌቪዥንን መዘግየት አያሳይም፤ ቪዲዮ ከፍቼ ልከራከረው አልችልም። ሪሞቱን አንስቼ የስክሪኑን ሴቲንግ አየሁት። መዘግየትን የሚቀንሰው ጌም ሞድ ጠፍቶ ነበር።