ዓሣ ነባሪዎች በመንጋ ወደ ዳርቻ ለምን ይወጣሉ? ከደብረ ብርሃን ሆናችሁ እንዴት ታጠናላችሁ

ባሕር በሌለበት አገር ይሄ አይጠናም የሚላችሁን አትስሙ። የሥራው ትልቁ ክፍል መዝገብ ማገላበጥና ማነጻጸር ነው፤ ኢንተርኔት ካለ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ተቀምጦ ይሠራል።

ገና ከመጀመሪያው ምክንያቱን አትፈልጉ። መጀመሪያ የሆነውን በኤክሴል ወይ በደብተር መዝግቡ። ዝርያው የትኛው ነው? ስንት ናቸው? በሕይወት ወጡ ወይስ ሞተው ውኃ ተፋቸው? አንድ ላይ ናቸው ወይስ ተበታትነዋል? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች።

ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዚላንድ ፌርዌል ስፒት ላይ ፓይለት ከሚባለው ዝርያ ከ400 በላይ ዓሣ ነባሪዎች ወጡ። ቦታው ረጅም የአሸዋ ምላስ ነው። ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ሲጎድል ደግሞ ሩቅ ይሸሻል። ፓይለቶች እርስ በርስ አይለያዩም፤ አንዱ ሲቸገር ሌላው ይከተላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የባሕሩን ወለል ካርታና ውኃው የሞላበትንና የጎደለበትን ሰዓት ቅድሚያ ስጡ።

ባሃማስ እ.ኤ.አ. በ2000 የሆነው ግን ሌላ ነው። 17 እንስሳት፣ አብዛኞቹ ጠልቀው የሚያድኑ ምንቃራም ዓሣ ነባሪዎች፣ በ36 ሰዓት ውስጥ 240 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዳርቻ ላይ ተበታትነው ወጡ። እንዲህ የተራራቁትን በአንዴ ምን አገኛቸው? በሰዓቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች እዚያው አካባቢ ሶናር (ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ በማስተጋባቱ ከውኃ በታች ያለውን የሚፈልግ መሣሪያ) እየተጠቀሙ ነበር፤ በተመረመሩት እንስሳት ጆሮ አካባቢም ደም ፈስሶ ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በ2001 ሪፖርቱ ዋናው ተጠርጣሪ ሶናሩ ነው አለ። በ2002 ካናሪ ደሴቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ በአካላቸው ውስጥ የጋዝ አረፋ ታየ፤ ይህም የሶናሩ ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል ተባለ።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ሬሳ ሲበሰብስም ጋዝ ይፈጥራል። ሪፖርት ስታነቡ እንስሳው ከሞተ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደተከፈተ እዩ። የሬሳ ምርመራ ግር ካላችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ በግም ይሁን ከብት ከፍቶ የሞቱን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ነውና ነገሩን ያውቀዋል።

የፀሐይ ማዕበል የምድርን መግነጢስ ስለሚያውክ መንገድ ያስታቸዋል የሚል መላምትም አለ። ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የተመዘገበውን፣ የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደታወከ የሚያሳየውን ኬፒ (Kp) የተባለውን መለኪያ ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዓሣ ነባሪ የወጣበትን ቀን ይይዝና ማዕበል ነበረ ብሎ ይደሰታል፣ ማዕበል ኖሮ አንድም ዓሣ ነባሪ ያልወጣባቸውን ቀናት ግን ሳይቆጥር ይቀራል። እነሱንም ቁጠሩ። ሰው የማይደርስበት ዳርቻ ላይ የሚወጣውን ማንም እንደማይመዘግበውም አትርሱ።

ሠንጠረዡ ላይ “አልታወቀም” የሚል ዓምድ ይኑር። ብዙዎቹ እዚያ ይገባሉ፤ በግድ ምክንያት አትለጥፉላቸው።