ጸበል ስትሄዱ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ

የታመመ ሰው "እንጦጦ ወጥቼ ሱባኤ ልያዝ" ሲል ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ጸበሉ ይበቃዋል" ይላል፣ ሌላው "ሐኪሙን ብቻ ስማ" ይላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚላችሁን አትስሙ። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ወረፋ ላይ "ኪኒን ከዋጥክማ እምነት የለህም" የሚል ሰው አይጠፋምና ይህን ያዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩት፣ አትፈሩ። ስንት ቀን እንደምትቆዩ፣ እስከ ስንት ሰዓት ባዶ ሆዳችሁን እንደምትሆኑ ይወቅ። ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማችሁ ከሆነ በቀን ምን ያህል ጸበል መጠጣት እንደምትችሉ ጠይቁ። ያልዳነ የኦፕራሲዮን ቁስል ካለ ይርጠብ አይርጠብ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እንዳይሆን ብዙ ሰው የሚያድርበት ክፍል ከመግባቱ በፊት የአክታ ምርመራ ያድርግ፣ አጠገቡ የሚተኙትም ሕሙማን ናቸውና።

ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመድና ያው ኪኒን አልሠራ ይላል። ኪኒኑን በጸበሉ ዋጡት፣ ብዙዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የስኳር ሕመምተኛ ግን ጠንቀቅ ይበል። ኢንሱሊን ተወግቶ እህል ሳይቀምሱ ወረፋ መቆም ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሩ መላ ይሰጧችኋል፣ ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ለአቅመ ደካማ ሰው ደረቅ ቅያሪና ጋቢ ያዙለት፣ ከጸበሉ እንደወጣ እርጥቡን አውልቃችሁ አልብሱት።

"ድኛለሁ፣ ኪኒኑን ልተው" የሚል ስሜት ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፣ አመስግኑ፣ ግን ኪኒኑን ሳታቋርጡ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ውጤቱ ላይ "ቫይረሱ አልታየም" ቢባልም መድኃኒቱ ቫይረሱን አዳክሞ ይዞታል ማለት ነው፣ አቁሙት ማለት አይደለም።