ሞተር ሳይክልና ቤተሰብ ባሌ ተራራ ላይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ቅዳሜና እሁድን ባሌ ማሳለፍ ለሐዋሳና ለሻሸመኔ ሰው ይመቻል። በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ ጎባ፤ ከዚያ ከፍተኛው የሰነቴ አምባ። እናንተ በሞተር፣ ቤተሰቡ በመኪና። መንገዱ ላይ ከሚያጋጥመው ችግር ብዙው ግን የዕቃ ብልሽት አይደለም። ወይ ከፍታው ነው፣ ወይ ጭነቱ፣ ወይ ሰዓቱ። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስቱን አስቡ፦ የት ነኝ? ምን ጭኛለሁ? ስንት ሰዓት ሆነ?

ዳገት ላይ አቅም ያጣል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ቤንዚን ይበላል

ከጎባ ወደ ሰነቴ ስትወጡ ይጀምራል። ታች በአራተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው እዚህ በሁለተኛ ያቃስታል። ነዳጅ ስትሰጡት ከመፍጠን ይልቅ ይታፈናል።

ሰነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ያለው አየር ከሐዋሳው ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። የለመደውን ቤንዚን ይለቃል፣ አብሮት የሚነድ አየር ግን የለም። ያልነደደው ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሞተሩ በረድ ሲል ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን በብርሃን እዩት። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ሆኖ እርጥብና ዘይታም ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያስገባ ነው፤ እሱ የከፍታ ጉዳይ ስላልሆነ መካኒክ ይየው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው።

መፍትሄው ከፊልትሮ፣ ማለትም ከአየር ማጣሪያው ይጀምራል። አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ያንኑ የሳሳ አየር ይከለክላል። አውጥታችሁ አራግፉት፣ መልሳችሁ ግጠሙት። ፊልትሮ አውልቆ መንዳትን እንደ ዘዴ የሚመክር አይጠፋም፤ አትስሙ። የመንገዱ አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ቾኩ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነም እዩ። ከዚያ ሞተሩ ሳይደክም ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ፣ ረጋ ብላችሁ ውጡ።

ጂግለር፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ፣ መቀየር ለሁለት ቀን ጉዞ አይገባም ባይ ነኝ። ለሰነቴ ብላችሁ ያሳነሳችሁት ጂግለር ወደ ዶሎ መና ቆላ ስትወርዱ ሞተሩን ያግለዋል፣ ፒስተን እስከመብላት ሊደርስ ይችላል። ካርቡሬተር የሌለው፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ድብልቁን ራሱ ስለሚያስተካክል አያጨስም። አቅም ማነሱ ግን ለሱም አይቀርለትም። ቤንዚን ሮቤ ወይም ጎባ ሙሉ። ላይ ማደያ የለም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ አለ

ሌላው ችግር ያዘገያል፣ ይሄ ግን ሰው ይገድላል። ከሰነቴ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛና ረጅም ነው። ጠጠር አለው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጭቃ።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለዩት። መያዣው ለስልሶ እስከ መሪው ድረስ ከገባ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በቀላሉ ይፈላል። መያዣው እንደወትሮው ጠንክሮ ሞተሩ ግን ካልቆመ፣ የጋለው የፍሬን ሸራው ነው። ሽታውም ይነግራችኋል።

መንስኤው በሁለቱም አንድ ነው። ፍሬኑን ይዞ መውረድ። ከኋላ ሰው ካለ ደግሞ ይብሳል።

ሲያጋጥማችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ የቀረውን ፍሬን ተጠቀሙ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ያዙ። ውሃ አታፍሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል። ዲስኩ አጠገብ እጅ ስታደርጉ ሙቀት እስካይሰማችሁ ድረስ ጠብቁ። ከዚያ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ጨበጥ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ወዲያው ልቀቁት፣ አየር ይንካው። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ የለመደ ካለ እባካችሁ እዚህ ይተወው። የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ከመነሳታችሁ በፊት ጋራዥ አስቀይሩት። ወጪው ቀላል ነው።

ጠዋት አልነሳም አለ

ጎባና ዲንሾ ሌሊቱ ይበርዳል። ብርድ ባትሪ ያደክማል፣ ዘይት ያወፍራል። ቾክ ስጡት፣ ፍሪሲዮን ያዙ፣ በእግር ምቱት። ስታርተሩን ደጋግማችሁ በመጫን ባትሪውን አትግደሉት። የቤንዚን ሽታ ካየለ ታፍኗል ማለት ነው። ቾኩን መልሱ፣ የነዳጅ መስጫ እጀታውን ሙሉ በሙሉ አዙራችሁ ምቱት። ማታ በሸራ ሸፍናችሁ ግድግዳ ስር ካቆማችሁት ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ባለቤትዎ ከኋላ ሲቀመጡ ይንሳፈፋል፣ መሪው ይቀላል

ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ ነው። የኋላውን አሞርዛተር አንድ ሁለት ደረጃ አጥብቁ። ለኋላ ጎማ፣ መመሪያው ለሁለት ሰው የሚለውን ያህል ንፋስ ሙሉ። ካቴናውን ጭነቱ እያለ ለኩት፤ ሰው ሲቀመጥ ስለሚወጠር ባዶውን ልክ የነበረው ሊጠብቅ ይችላል። ሻንጣ ከኋላ ከፍ አድርጎ ማሰር ትልቁ ጥፋት ነው። መኪና አብሯችሁ እያለ ሞተሩ ለምን ሻንጣ ይሸከማል? እግሩ መርገጫ የማይደርስ ልጅም አይጫን። ቢለምን፣ ቢያለቅስም።

ጣት ደነዘዘ፣ ሐሳብም ዘገየ

ብርዱ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፣ ስለዚህ እንደ ቀላል አትዩት። ጃኬት ውስጥ ደረት ላይ ጋዜጣ አድርጉ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ ደርቡ፤ ነፋሱን የሚያቆመው እሱ ነው። ጓንት ደረቅ ቅያሪ ያዙ።

ልጁን ራሱን አሞታል፣ ምግብ አልበላም ይላል

የመኪና መንገድ ብቻ አይደለም። ከጎባ እስከ ሰነቴ ባለችው አጭር መንገድ ከ1,200 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ሰውነት ለመልመድ ጊዜ አላገኘም። ውሃ ስጡት፣ ከፀሐይ አስጠልሉት፣ አታሯሩጡት። ካልተሻለው ዝቅ በሉ። መውረድ ከሁሉ በላይ መድኃኒት ነው። አረማመዱ ከተንገዳገደ፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ፎቶውም ምሳውም ይቅር፣ ቀጥታ ወደ ጎባ ሆስፒታል። ለአዋቂም ያው ነው። አዳራችሁ ጎባ ይሁን እንጂ ላይ አይሁን።

ቤተሰቡ አኩርፏል

ይሄኛው በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም፣ እኔ ግን ከፍሬኑ ቀጥዬ የማስቀምጠው ይሄንን ነው። ምልክቱ ማታ እራት ላይ ይታያል። ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው፣ ባለቤት ዝም ብላለች። መንስኤው ደግሞ ግልጽ ነው። «ደርሼ መጣሁ» ብላችሁ ሄዳችሁ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ እነሱ መኪና ውስጥ ሲጨነቁ ዋሉ። ለናንተ ሽርሽር፣ ለነሱ ጥበቃ ሆነ።

መፍትሄው የሰዓት ነው። ብቻችሁን በፍጥነት መንዳት ካማራችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ እነሱ ቁርስ ሳይጨርሱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የጋራ ነው። መኪናው ፊት ይሂድ፣ ሞተሩ ከኋላ፤ ችግር ቢገጥማችሁ የሚመለስላችሁ ሰው አለ። ቀጣዩ መገናኛ የት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ሪራ መንደር ለምሳ ይመቻል። ኔትወርክ ቢጠፋ ማን የት እንደሚጠብቅም ይታወቅ።

ሰነቴ ላይ ሞተር አጥፍታችሁ አብራችሁ ቁሙ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ ስትጠጋ ልጅ ካየ ስልኩን ይረሳዋል። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳው ላይ መንዳት ግን በፍጹም አይሆንም። ሣሩ ስር የፍልፈሉ ጉድጓድ አለ፣ ቀበሮዋም የምትኖረው ፍልፈሉን በልታ ነው።

እሁድ ከጎባ ቢዘገይ 4 ሰዓት ላይ ተነሱ። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ አጠገብ ደጋ አጋዘን በቅርብ ስለሚታይ ለልጆቹ አንድ ሰዓት መድቡላቸው። ከአዳባ በኋላ ከብትና ፈረስ መንገዱን ይሞላዋል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ መለየት ያስቸግራል። ሻሸመኔ ሳይመሽ ግቡ።