በቴሌቪዥን የፖለቲካ ጋዜጠኝነት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቴሌቪዥን የፖለቲካ ጋዜጠኛ ለመሆን የሚመኙ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ለድምፃቸው፣ ለአለባበሳቸውና በካሜራ ፊት ለሚኖራቸው ግርማ ነው። እነዚህ ነገሮች ዋጋ የላቸውም አልልም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነ ሰዎች ከወንበራቸው የወረዱበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብንመረምር፣ ድምፁ ስለሻከረ የወደቀ አናገኝም። የወደቁት ስላልሰሙ፣ ስላላጣሩ ወይም ስለ እርሱ ከሚዘግቡት ሰው ጋር ከመጠን በላይ ስለተወዳጁ ነው። አሳሳቢው ነገር እነዚህ ስህተቶች በሚፈጸሙበት ሰዓት ስህተት አለመምሰላቸው ነው፤ ብዙዎቹ የስኬት መልክ አላቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ ማንበብ እንጂ መልስ አለመስማት

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የማነሳው የሌሎቹ ሁሉ እናት ስለሆነ ነው። ጀማሪ ጠያቂ ጥያቄዎቹን በተርታ ጽፎ ወደ ስቱዲዮ ይገባል። ሚኒስትሩ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲመልሱ፣ ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ጉዳዩን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ቃል ያመልጣቸዋል። ጠያቂው ግን ዓይኑ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስለሆነ «እሺ፣ ወደሚቀጥለው ልለፍ» ይላል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ሰምቷል፤ ያልሰማው ጋዜጠኛው ብቻ ነው።

በሜይ 1997 የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን በኒውስናይት ፕሮግራም የቀድሞውን የብሪታኒያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን ያነጋገረበት ቃለ መጠይቅ እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ይቀርባል። ጥያቄው ሃዋርድ የእስር ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ የነበሩትን ዴሬክ ሉዊስን ውሳኔህን እሽራለሁ ብለው አስፈራርተዋቸዋል ወይ የሚል ነበር። ሃዋርድ ትእዛዝ የመስጠት መብት እንዳልነበራቸውና ትእዛዝም እንዳልሰጡ መለሱ። ይህ ግን የተጠየቁት አልነበረም። ፓክስማን ያንኑ ጥያቄ ከአስር ጊዜ በላይ ደገመላቸው።

ብዙ ወጣት ጋዜጠኞች ከዚህ ቃለ መጠይቅ የወሰዱት ትምህርት የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። እነርሱ ያዩት ድፍረቱንና መደጋገሙን ነው፤ ስለዚህ በማንኛውም ባለሥልጣን ላይ መጮህንና ንግግሩን መቁረጥን እንደ ጀግንነት ቆጠሩት። ቃለ መጠይቁን ውጤታማ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው አጭርና በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ነበር። ሁለተኛ፣ ጠያቂው የተሰጠው መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ መሆኑን በቅጽበት ለየ። ለዚህ ጆሮ ያስፈልጋል እንጂ ጉሮሮ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የተደራረበ ጥያቄ ነው። «ክቡር ሚኒስትር፣ የኑሮ ውድነቱ ሕዝቡን እያማረረ ነው፣ ተቃዋሚዎችም ፖሊሲው ከሽፏል ይላሉ፣ እርስዎም ባለፈው ዓመት ቃል ገብተው ነበር፣ ለመሆኑ መንግሥት ምን እያሰበ ነው፣ ምክር ቤቱስ?» እንዲህ የተጠየቀ ፖለቲከኛ ከአምስቱ ውስጥ የምትመቸውን አንዷን መርጦ አምስት ደቂቃ ይናገርባታል። «ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ዋጋው ይረጋጋል ብለው ነበር። ለምን አልተረጋጋም?» ቢባል መሸሸጊያው ይጠብበታል። ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ግማሹን መሰረዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ የቀረው ግማሽ ሁልጊዜ ይበልጣል።

ዝግጅትን በልበ ሙሉነት መተካት

በ1977 ዴቪድ ፍሮስት ከሥልጣናቸው የለቀቁትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ሲያነጋግር ብዙዎች በጥርጣሬ ነበር የተመለከቱት። ፍሮስት በመዝናኛ ፕሮግራሞቹ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ኒክሰን ደግሞ የሕግ ባለሙያና በክርክር የተፈተኑ ናቸው። በቀረጻው ብዙ ክፍል ኒክሰን ረጅም ትረካ እያቀረቡ ሰዓቱን ሲበሉት ጠያቂው ተሸናፊ መስሎ ነበር። ሚዛኑ የተገለበጠው ኒክሰንን ከሥልጣን ስላወረደው የዋተርጌት ቅሌት በተነጋገሩበት ጊዜ ነው። ከረዳቶቹ አንዱ ጄምስ ሬስተን ጁኒየር ኒክሰን ከአማካሪያቸው ቻርልስ ኮልሰን ጋር ያደረጉትን ንግግር የያዘ ጽሑፍ በመዛግብት መካከል አግኝቶ ነበር። ፍሮስት ያንን ሲያነብላቸው ኒክሰን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው።

የቃለ መጠይቅ ድል በአብዛኛው የሚገኘው በመዝገብ ቤት ነው። የባለሥልጣኑን ያለፉ ንግግሮች፣ ድምፅ የሰጠባቸውን ረቂቅ ሕጎች፣ የበጀት ሰነዱንና የኦዲት ሪፖርቱን ያነበበ ሰው መጮህ አያስፈልገውም። ኤድዋርድ መሮው በማርች 9 ቀን 1954 በአሜሪካው የሲቢኤስ ጣቢያ ብዙዎችን በኮሚኒስትነት ይወነጅል ስለነበረው ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ባቀረበው ፕሮግራም በዋናነት የተጠቀመው የሴናተሩን የራሱን ንግግርና የራሱን ፊልም ነበር። ሰውየውን ከራሱ ቃል ጋር አፋጠጠው። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ ጋዜጠኛ ሊያገኝ አይችልም።

እዚህ ላይ የረዳቶቹን ድርሻ ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በስክሪኑ ላይ አንድ ፊት ይታያል፤ ከጀርባው ግን ሰነድ የሚያገላብጡ፣ ስልክ የሚደውሉ፣ ቀን የሚያመሳክሩ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ ክብር የማይሰጥ አቅራቢ ቀስ በቀስ ባዶ እጁን ወደ ስቱዲዮ መግባት ይጀምራል።

ምንጭን ወዳጅ ማድረግ

ያለ ምንጭ የፖለቲካ ዘገባ የለም። ምንጭ ለማግኘት ደግሞ መቀራረብ ግድ ነው፤ ቡና መጠጣት፣ መደዋወል፣ አንዳንዴም ሰውየው በሥራው የገጠመውን ብሶት ማዳመጥ ያስፈልጋል። አደጋው ያለው ይህ መቀራረብ ሳይታወቅ ወደ ውለታ ሲለወጥ ነው። ሰውየው ሁለት ትልልቅ ዜናዎች ከሰጠ በኋላ ሦስተኛው ዜና ስለ እርሱ ጥፋት ሲሆን፣ የጋዜጠኛው እጅ ይከብዳል።

የሲኤንኤኑ ክሪስ ኩዎሞ በ2021 መጨረሻ ከሥራ የተሰናበተው ወንድሙን የኒውዮርክ ገዥ አንድሩ ኩዎሞን ክስ በቀረበባቸው ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ በምን መንገድ እንደረዳ የሚያሳዩ ሰነዶች ከወጡ በኋላ ነው። ለወንድም ማሰብ የሰው ባሕርይ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን በየምሽቱ ሕዝብ ፊት ስለ ፖለቲካ የሚናገር ሰው በዚያው ሳምንት የአንድ ፖለቲከኛ አማካሪ ሊሆን አይችልም። በ2016ም የዚያው ጣቢያ ተንታኝ የነበረችው ዶና ብራዚል በእጩዎች መድረክ ሊጠየቁ የታሰቡ ጥያቄዎችን አስቀድማ ለሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ቡድን ማሳወቋ ሲገለጥ ጣቢያው ከእርሷ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጧል።

መፍትሔው መራቅ ሳይሆን ደንቡን አስቀድሞ መነጋገር ነው። የሚነገረው ነገር በስም የሚጠቀስ ነው? ያለ ስም ነው? ወይስ ለስርጭት የማይውል? ይህ ስምምነት ከንግግሩ በፊት መደረግ አለበት። ሰውየው ከተናገረ በኋላ «ይሄን እንዳታወጣው» ቢል ጋዜጠኛው የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ አስቀድሞ ቃል ከገባ ግን ቃሉን መብላት የለበትም። ዝምድና፣ የፓርቲ አባልነት፣ የገንዘብ ግንኙነት ካለ ደግሞ ለአለቃ ማሳወቅና ከዚያ ዘገባ መውጣት ይገባል። ሌላ ሰው ደርሶበት ከሚያወጣው ራስ አስቀድሞ መናገር እጅግ ይቀላል።

መቅደምን ከማወቅ ማስበለጥ

በኖቬምበር 7 ቀን 2000፣ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ምሽት፣ የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ፍሎሪዳን አል ጎር አሸነፈ አሉ። ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ መልሰው ወሰዱት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳንና ፕሬዚዳንትነቱን አሸነፈ አሉ፤ ሳይነጋ ያንንም ሰረዙት። በመጨረሻ በይፋ የተገለጸው የቡሽ ብልጫ በፍሎሪዳ 537 ድምፅ ነበር። ጣቢያዎቹ በዚያች ሌሊት የተሳሳቱት ተፎካካሪያቸው ስለተናገረ ዝም ማለት ስለከበዳቸው ጭምር ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ተከተለ፤ መረጃቸውም በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ የመጣ ስለነበር የብዙ ጣቢያዎች ስምምነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በቀጥታ ስርጭት ደግሞ ይብሳል። በጆሮ ማዳመጫው «ሌሎቹ አውጥተውታል» የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ «እኛ እስካሁን ያረጋገጥነው ይህን ያህል ነው» ማለት የሚችል አቅራቢ ብርቅ ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ እስክትለምድ ድረስ በልምምድ ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር ይጠቅማል።

ሰነድን ስለወደዱት ማመን

በሴፕቴምበር 2004 ሲቢኤስ ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የብሔራዊ ዘብ አገልግሎት ዘገባ አቀረበ። ዘገባው የተደገፈው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ አዛዥ ተጽፈዋል በተባሉ ማስታወሻዎች ቅጂ ነበር። ዋናዎቹ ሰነዶች አልነበሩም፤ የቅጂዎቹን እውነተኛነት ማረጋገጥም አልተቻለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣቢያው ስህተቱን አመነ። አዘጋጇ ተሰናበተች፤ ለ24 ዓመታት የምሽቱን ዜና ሲያቀርብ የኖረው ዳን ራዘርም በማርች 2005 ወንበሩን ለቀቀ። ጥርጣሬያችንን የሚያረጋግጥልን ሰነድ እጃችን ሲገባ፣ የበለጠ መጠራጠር ያለብን ያኔ ነው። ማን ሰጠን? እርሱ ከየት አገኘው? ዋናው የት ነው? ይህ ሰነድ ሐሰት ቢሆን ማን ይጠቀማል?

ራስን የዜናው ጀግና ማድረግ

ዝና ሰውን ይለውጣል። የአሜሪካው የኤንቢሲ ጣቢያ ዜና አቅራቢ ብራያን ዊልያምስ በ2003 በኢራቅ ተሳፍሮበት የነበረው ሄሊኮፕተር በሮኬት እንደተመታ ተናግሮ፣ በስፍራው የነበሩ ወታደሮች ይህ እንዳልሆነ ስለመሰከሩ በ2015 ለስድስት ወራት ያለ ደመወዝ ታገደ፤ ወደ ምሽቱ ዜና ወንበሩም አልተመለሰም። ታሪኩ እየተደጋገመ በተነገረ ቁጥር እያደገ መጥቶ ነበር። የመስክ ማስታወሻን በዕለቱ ጽፎ ማስቀመጥ ከዚህ ይጠብቃል።

ፉክክሩን እንጂ ሥራውን አለመዘገብ

ይህኛው ማንንም ከሥራ አያሰናብትም፤ ለዚህም ነው በየቀኑ የሚደገመው። ማን መራ፣ ማን ተዳከመ፣ ማን ማንን ሰደበ የሚለው ዘገባ ለማዘጋጀት ቀላል ነው፤ ሁለት ተንታኞችና አንድ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ይበቁታል። አዲሱ የግብር ሕግ የአንዲትን ነጋዴ ኪስ እንዴት እንደሚነካ ማስረዳት ግን ሕጉን ማንበብን፣ ስሌት መሥራትን፣ ለስክሪን የሚሆን ምስል መፈለግን ይጠይቃል። ቴሌቪዥን ምስል ስለሚወድ የተቆጣ ፊት ሁልጊዜ ከሠንጠረዥ ይበልጥበታል። በዚህ ምክንያት ተመልካቹ የፖለቲከኞቹን ጠብ በዝርዝር እያወቀ፣ ኑሮውን የሚለውጠው ሕግ ሲጸድቅ ሳይሰማ ያልፋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

በአርትዖት ጊዜ ሰውን ያላለውን ማሰኘት

የአርባ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ወደ አራት ደቂቃ ሲወርድ ብዙ ነገር ይቆረጣል፤ ይህ የግድ ነው። ስህተቱ የሚመጣው የአንዱን ጥያቄ መልስ ከሌላው ጋር ሲያገናኙ፣ ወይም «ይህን የምለው ግን ሕጉ ከተሻሻለ ብቻ ነው» የሚለውን ሐረግ ለሰዓት ሲሉ ሲያስወግዱ ነው። እንግዳው ከሄደ በኋላ የጠያቂውን ፊት ለብቻ መቅረጽም የተለመደ አሠራር ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥያቄው ከመጀመሪያው ይልቅ ተስሎ ከተነገረ ግን ተመልካቹ ተታሏል። ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ፤ ተናጋሪው የተቆረጠውን ቢያየው «አጥሯል» ይላል ወይስ «ይህን አላልኩም»?

አስተያየትን ከዘገባ ጋር መቀላቀል

የሲቢኤሱ ዜና አቅራቢ ዋልተር ክሮንካይት በፌብሩዋሪ 1968 ከቬትናም ተመልሶ ጦርነቱ በድል ሳይሆን በድርድር ሊቋጭ እንደሚችል ሲናገር፣ የሚናገረው የግሉ ግምገማ መሆኑን ለይቶ አስታውቆ ነበር። ክብደት ያገኘው በየምሽቱ አስተያየት የማይሰጥ ሰው ስለነበረ ነው። ዛሬ ጋዜጠኛው ማታ በዜና ገለልተኛ ሆኖ ይቀርብና ሌሊት በማኅበራዊ ሚዲያ አንዱን ፓርቲ ሲያብጠለጥል ያድራል። ተመልካቹ ሁለቱን ሰዎች ለይቶ አያይም።

እርማትን መደበቅ

ስህተቱ የተነገረው በምሽቱ ዋና ዜና ከሆነ እርማቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቅራቢ አንደበት ይነገር። ምን እንደተባለ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል። «ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ» የሚለው ቃል እርማት አይደለም፤ ተመልካቹ አልተረዳም እያለ ጥፋቱን ወደ እርሱ ያዞራል። በድረ ገጽና በዩቲዩብ የቀረውን ቪዲዮም ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ ሰዎች ፈልገው የሚያገኙት ያንን ነውና።